ባትሪ ያዥ

ፎርማን የሆንኩት በ2013 መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት አስራ ስድስት ዓመት መካኒክ ነበርኩኝ፣ ማለቴ አሁንም መካኒክ ነኝ፣ ግን አለ አይደል፣ ከመኪና ሥር ወጥተህ እስክሪብቶና ደብተር ስትይዝ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ጠዋት ጠራኝና "ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹን አንተ ነህ የምትይዛቸው" አለኝ፣ ደሞዝ ትንሽ ጨመረልኝ፣ በቃ። ፎርማን ምን እንደሚሠራ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ጥሩ የሚሠራ ሰው ጥሩ ያሠራል ብዬ ነበር የማስበው።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አርሴናሉ አሰልጣኝ ስለ ሚኬል አርቴታ ነው። ግን መነሻዬ አንድ ኢሱዙ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የቅዳሜዋ ኢሱዙ

የዚያው ዓመት ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ ነበር። ኢሱዙው ተጎትቶ የገባው ሐሙስ ነው፣ ውኃ ጨርሶ ሹፌሩ ሳያይ ነድቶት የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ቴስታታውን አውርደን፣ ቶርኖ ቤት ልከን ፊቱን አስተካክለን፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት መልሰን ጭነነዋል፣ የቀረው ቡሎን ማጥበቅ ብቻ ነው። ይሄን ለልጁ ሰጠሁት። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ቀስ ይላል።

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ፣ የቴስታታ ቡሎን እንደ ጎማ ቡሎን ዝም ብለህ የምትወጥረው ነገር አይደለም። ከመሀል ትጀምርና ግራና ቀኝ እያልክ ወደ ዳር ትወጣለህ፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ሁለተኛው ዙር ጠበቅ፣ መጨረሻ ላይ በመለኪያ ቁልፉ ጠቅ እስኪል ድረስ። ዘልለህ ካጠበቅክ ቴስታታው ይጎብጣል፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ልጁ አንዱን ቡሎን ባጠበቀ ቁጥር ቁልፉን ያስቀምጥና ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ነጥብ ያደርግበታል፣ ከዚያ ጠመኔውን ኪሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ቁልፉን ያነሳል። እያንዳንዱን! ባለመኪናው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን ያያል፣ ለነገ ሌሊት ጭነት ይዟል። እኔ ደግሞ እጄን እየበላኝ ነው። ቀልዴን አይደለም፣ መዳፌ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

ሄድኩና "አምጣው እስቲ" ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩት። ተቀበልኩት እላለሁ እንጂ ነጠቅኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ታዲያ እኔ ምን ልያዝ?" አለኝ።

"ባትሪውን ያዝልኝ።"

ያዘልኝ። እጄ በሄደበት ሁሉ ብርሃኑን ይዞ ይከተለኛል፣ አይንቀጠቀጥም፣ አያጉረመርምም። ጨረስኩ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፁ እንደ አዲስ። እውነቱን ለመናገር ከልጁ የተሻለ ነው የሠራሁት፣ የፈጠንኩትም እኔ ነኝ። መኪናው ሰኞ ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ የእጄን ነው ያገኘሁት" ብዬ እተወው ነበር፣ ግን አልመጣም። እስከ ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝም ይሄው ነው፣ ምንም ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ልጁ ግን እጁን ሲታጠብ አየሁት፣ ኦሞውን ቀንሶ ያዘና ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ጣሳው መለሰው። ለካ እጁ አልቆሸሸም።

ሁለት ሰውዬዎች ዳር ላይ

ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። አርሴ ከቼልሲ፣ ከምሽቱ 2፡30። የዚያን ዓመት ታኅሣሥ የአርሴናል ደጋፊ የነበረ ሰው ስሜቱን አይረሳውም፣ ሰባት የሊግ ጌም በተከታታይ ሳናሸንፍ፣ አምስቱን ተሸንፈን ሁለቱን አቻ ወጥተን፣ 15ኛ ሆነን፣ ደግሞ በዚያው ሳምንት ማንቸስተር ሲቲ ከካራባኦ ዋንጫ 4 ለ 1 አሰናብቶን። ቤቱ ውስጥ የነበረው ወሬ አንድ ብቻ ነው፣ "ዛሬ ከተሸነፈ ይባረራል"። ከኋላዬ የተቀመጠው የቼልሲ ደጋፊ ደግሞ እንዳይባረር ነው የሚጸልየው፣ "ኧረ ይቆይልን" እያለ።

አሰላለፉ ሲወጣ ሁላችንም ዝም አልን። ዴቪድ ሉዊዝ የለም፣ ዊሊያን የለም፣ ጋብሪኤል የለም። ስሚዝ ሮው የሚባል 20 ዓመት የሆነው ልጅ፣ ሳካ 19፣ ከረጅም የጉልበት ጉዳት የተመለሰው ማርቲኔሊም 19። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉና ማኪያቶአቸውን አማሰሉ፣ የጾም ማኪያቶ። እኔ ደግሞ ተረቱን ስሰማ ጠዋት ያ ባትሪ ታወሰኝና ሆዴን ቆረጠኝ።

ኮሮና ስለነበር ስታዲየሙ ባዶ ነው። እና እኔ ኳሱን ትቼ አርቴታን ማየት ጀመርኩ። አይታችሁት ከሆነ ሰውዬው አሰልጣኝ ሆኖ አይቆምም፣ አብሮ ይጫወታል። ዣካ ኳስ ሲይዝ የእሱ ቀኝ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ቲርኒ ሲሮጥ እሱ ሁለት እርምጃ ይሮጥና ነጩ መስመር ላይ ይቆማል፣ አንዳንዴም አይቆምም፣ አራተኛው ዳኛ ነው የሚመልሰው። በዚህ ስንት ጊዜ ቢጫ እንዳየ ይታወቃል። እጁን የሚበላው ሰው ምን እንደሚመስል የገባኝ የዚያን ቀን ነው፣ በመስታወት ራሴን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

የሚገርመው ሌላኛው ዳርም ላይ የቆመው ሰው እንደዚያው ነው፣ የቼልሲው አሰልጣኝ ፍራንክ ላምፓርድ። አማካይ ሆኖ ለቼልሲ 211 ጎል ያገባ ሰው፣ በክለቡ ታሪክ አንደኛ። እሱ ሜዳ ውስጥ ቢሆን ከሳጥን ውጪ አንዷን ይለቃት ነበር። ግን ኮት ለብሶ ቆሟል። ሁለት አማካዮች፣ አንዳቸውም ኳሷን መንካት አይችሉም።

ላካዜት በፔናሊቲ፣ ዣካ በቅጣት ምት፣ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ስሚዝ ሮው ለሳካ ሰጠውና ሳካ በበረኛው በሜንዲ አናት ላይ አሻገራት። መምታቱ ነው ማሻማቱ ነው እያልን እስከ ዛሬ እንከራከራለን፣ ልጁ ራሱ አስቤበት ነው ብሏል። 3 ለ 1 አለቀ። ትልቁ ሰውዬ ማኪያቶአቸውን ጨርሰው "እንግዲህ በቃ" ብለው ወጡ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ያው ሁሉም ሰው ያቺን ቀን የአርቴታ መዞሪያ ይላታል፣ እኔም እላታለሁ፣ ግን ምክንያቴ ይለያል። ብዙ ሰው "ደፍሮ ልጆቹን አስገባ" ነው የሚለው። እኔ የማየው ግን የሚተማመንባቸው ሰዎች በሕመምና በኳራንቲን ስለጠፉ ነው ቁልፉን ለልጆቹ የሰጠው፣ ቢያንስ የመጀመሪያዋን ቀን። ልዩነቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የመጣው። ትልልቆቹ ሲመለሱ ቁልፉን መልሶ አልነጠቃቸውም። ስሚዝ ሮው ቀጠለ፣ ሳካ ቀጠለ። የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው የተበላሸው፣ እኔ እኮ ለልጁ ሰጥቼው ነበር፣ መልሼ ነው የወሰድኩት።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ሊባረር ነው የተባለው አርቴታ ቀረና በወሩ ገደማ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን፣ የተባረረው ላምፓርድ ሆነ። ኳስ እንዲህ ናት።

ቁልፉን ራሱ የሚይዝ ልጅ

ከዚያ በኋላ የሰውዬውን የድሮ ነገር ማገላበጥ ጀመርኩ። ስፔን፣ ሳን ሴባስቲያን ተወልዶ፣ ከሻቢ አሎንሶ ጋር በአንድ የሰፈር ቡድን፣ አንቲጉዎኮ፣ ኳስ ጀምሮ፣ በ15 ዓመቱ ባርሴሎና ገባ፣ ግን የዋናውን ቡድን ማልያ ለአንድም የውድድር ጨዋታ አልለበሰም። ቻቪ አለ፣ ኢኔስታ እየመጣ ነው፣ በየት በኩል ይግባ? ፓሪስ በውሰት ሄደ፣ ከዚያ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው፣ ሬንጀርስ።

ግላስጎው ላይ የሆነችውን አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻታለሁ። በፈረንጆቹ ሜይ 25፣ 2003፣ የሊጉ የመጨረሻ ቀን። ሬንጀርስና ሴልቲክ በነጥብ እኩል ናቸው፣ ዋንጫው በጎል ልዩነት ነው የሚለየው። ሴልቲክ ኪልማርኖክን 4 ለ 0 እያሸነፈ ነው፣ ሬንጀርስ ደንፈርምሊንን 5 ለ 1። ባከነ ሰዓት ላይ ለሬንጀርስ ፔናሊቲ ተሰጠ። አርቴታ 21 ዓመቱ ነው፣ ኳሷን ያዘ፣ አስቀመጠ፣ አገባ። 6 ለ 1። ዋንጫው በአንዲት ጎል ልዩነት የሬንጀርስ ሆነ።

ይሄ ሰው እንግዲህ በ21 ዓመቱ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "አምጡት እስቲ" ያለ ሰው ነው። በኋላ ኤቨርተን ሲጫወትም እንደዚያ ነበር፣ ቅጣት ምቱም ኮርነሩም በእሱ እግር ነው የሚያልፈው። አርሴናል የመጣበትን ቀን ታስታውሳላችሁ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ከተበላን በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 31፣ 2011፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ። ያኔ እኔ ራሴ "ምን ያደርግልናል" ካሉት አንዱ ነበርኩ፣ ፋብሬጋስና ናስሪ ሄደው በእነሱ ቦታ እሱ! በ2014 ሃል ሲቲን 2 ለ 0 ተመርተን 3 ለ 2 አሸንፈን የኤፍኤ ዋንጫ ስንበላ የካፒቴን ጨርቁን አስሮ የተሰለፈው እሱ ነው። ያ ዋንጫ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣ ዋንጫ ነው፣ የዚያን ቀን ማታ ከተማው ውስጥ የነበረውን ጥሩንባ አልነግራችሁም።

ለስፔን ዋናው ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን ሳይሰለፍ ነው ያቆመው። ማቆሚያውም ሜይ 15፣ 2016፣ ከአስቶን ቪላ ጋር። መጨረሻ ላይ ተቀይሮ ገባና ባከነ ሰዓት ላይ መታት፣ ኳሷ አግዳሚውን መትታ ከበረኛው ሰውነት ተነክታ ገባች፣ 4 ለ 0። ግን ጎሏ በእሱ ስም አልተመዘገበችም፣ ኦውን ጎል ተባለች፣ የበረኛው። ሰውዬው አለቀሰ። እኔ ያኔ "ምናለ ቢሰጡት" ብዬ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ያቺ ጎል የአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ጎሉ ነበረች፣ አንተ ትለፋለህ፣ የሚመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው።

አንሪ እና ወንበሩ

ጎበዝ ሠራተኛ ሁሉ ጎበዝ አሠሪ አይሆንም፣ ይሄን ለማወቅ እንደኛ የአርሴናል ደጋፊ የሆነ ሰው ሩቅ አይሄድም። የድሮው አጥቂያችን ቲየሪ አንሪ። በሕይወቴ እንደሱ የወደድኩት ተጫዋች የለም። በኦክቶበር 2018 ሞናኮ አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው፣ ጃንዋሪ 2019 ላይ ሸኘው፣ ሦስት ወር ከምናምን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማይረሳኝ አንድ ጌም አይደለም፣ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ባዲያሺል የሚባለው ወጣት ተከላካዩ መግለጫውን ጨርሶ ሲነሳ ወንበሩን ሳያስገባ ሄደ፣ አንሪ አየው፣ ዝም ብሎ አየው፣ ልጁ ተመልሶ መጥቶ ወንበሩን አስገባ። ሰው ሁሉ በዚያ ቪዲዮ ስቋል። እኔም ስቄ ነበር፣ ፎርማን ከሆንኩ በኋላ ግን አላስቀኝም። የልጁ ጠመኔ እኮ የእኔ ወንበር ነበር።

አንሪ ላይ ለመፍረድ አይደለም፣ እየወረደ ያለ ቡድን ነው የተሰጠው። ግን ኳስ እንዴት እንደሚገባ ማሰብ ሳያስፈልገው የሚያገባ ሰው፣ ማሰብ ለሚያስፈልገው ልጅ ምን ብሎ ያስረዳዋል? እኔ ራሴ ልጁ "ጋሼ እንዴት ነው እንደጠበቀ የምታውቀው?" ቢለኝ "እጄ ያውቃል" ነው የምለው፣ እጄን ቆርጬ አልሰጠው። የድሮው አሰልጣኛችን ቬንገር ተጫዋች ሆኖ ይሄ ነው የሚባል ስም አልነበረውም፣ ምናልባትም ለዚያ ይሆናል ማስረዳት የቻለበት። በእርግጥ ያ ሁሉ ተጫዋች የነበረው ዚዳን አሰልጣኝ ሆኖ ወጥቶ ሦስት ቻምፒየንስ ሊግ በተከታታይ ይበላና ይሄን ሁሉ ፍልስፍናዬን ውኃ ያስበላዋል፣ ለዚዳን መልስ የለኝም።

አርቴታ ግን ቀጥታ ዋና አሰልጣኝ አልሆነም፣ መጀመሪያ ሄዶ ባትሪ ያዘ። ማንቸስተር ሲቲ፣ የጋርዲዮላ ረዳት፣ ከ2016 እስከ 2019 መጨረሻ፣ ሦስት ዓመት ተኩል። የሲቲው አጥቂ ስተርሊንግ አጨራረሱ ላይ ከአርቴታ ጋር ለብቻው ይሠራ ነበር፣ በ2016/17 በሊጉ ያገባው 7 ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት 18 አገባ። ከእነዚያ ጎሎች በአርቴታ ስም የተጻፈ አለ? የለም። ጋርዲዮላ ራሱ ሲያወራ፣ ሲቲ ጎል ሲያገባ አርቴታ ዘሎ እንደሚነሳ፣ አርሴናል ላይ ሲገባ ግን ከወንበሩ እንደማይነሳ ተናግሯል። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ረዳት፣ ግን እጁ እዚያው ያለውን ሥራ በደንብ የሠራ። እኔ ረዳት ሆኜ ባትሪ ስይዝ የማስበው መቼ ነው ቁልፉ የሚሰጠኝ ብዬ ብቻ ነበር። የያዝኩበት መካኒክ ምን እያየ እንደሆነ አይቼ አላውቅም፣ ምን እንደሚነካ ብቻ ነበር የማየው።

አሁንም መስመሩን ያልፋል

ሰውዬው ተለወጠ ብዬ ልጽፍ አልችልም፣ ውሸት ይሆናል። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ሦስት ጌም በተከታታይ ተሸንፎ፣ አንድም ሳያገባ ዘጠኝ ገብቶበት፣ ሊጉን ከመጨረሻ አንደኛ ሆኖ ነው የጀመረው። ኖቬምበር 2021 ላይ ደግሞ ልጆቹ የሊቨርፑልን ሜዳ አንፊልድን እንዲለምዱ ብሎ ልምምድ ሜዳ ላይ ስፒከር ተክሎ የሊቨርፑልን መዝሙር ሲያስጮህባቸው ሰነበተና ሄዶ 4 ለ 0 ተሸንፎ መጣ። ሳቄን ነው የገደለኝ፣ ግን ስበሳጭ የማደርጋቸው ነገሮች ሲታወሱኝ ትንሽ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ፣ አንዱን ዓመት በ89 ነጥብ። ሰው "ተጫዋቾቹን በሪሞት ነው የሚነዳቸው" ይለዋል፣ እኔም አንዳንድ ጌም ላይ እላለሁ። ግን አንድ ነገር አለ፣ ኤቨርተን እያለ ኮርነር የሚመታው ሰው፣ አሰልጣኝ ሲሆን የኮርነሩን ሥራ ኒኮላ ዦቬር ለሚባል ሰው አስረከበው። ኮርነር ሲሆን ካሜራው ዳር ላይ የሚያሳየን ዦቬር ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ነው፣ አርቴታ ከኋላው ነው። የራሱ ሙያ የነበረውን ነገር ነው የሰጠው። ይሄ ለእኔ ከ89 ነጥቡ ይበልጥብኛል፣ የማላውቀውን ሥራ ለሌላ መስጠት ማንም አያቅተውም፣ ኤሌክትሪክ ሥራ ለኤሌክትሪሻኑ ስሰጥ እጄን በልቶኝ አያውቅም።

ልጁ አሁንም እኛ ጋራዥ ነው። ያኔ ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ እንዴት ብዬ? "ባትሪ ስላስያዝኩህ" ይባላል እንዴ። ባለፈው ሌላ መኪና ገባ፣ ያው ሞቆ፣ ያው ጓርኒሲዮን። ቴስታታው ሲጫን ቁልፉን ሰጠሁትና ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ሻይ ቤቷ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር የተያያዘች ላስቲክ ቤት ናት፣ ምንም አይታይም፣ ድምፅ ግን ይሰማል። ጠቅ ይላል። ዝም ይላል። ጠመኔውን እያወጣ ነው ማለት ነው። ጠቅ። ዝም። ሻዩ ሳላውቀው ቀዘቀዘ፣ እየቆጠርኩ ነበር። መሀል ላይ ዝምታው ረዘመ፣ በጣም ረዘመ፣ የትኛውን ዘለለ ብዬ ከበርጩማው ብድግ አልኩ። ሻይ ሻጯ "ሂሳብ ነው?" አለችኝ። አይደለም ብዬ ተቀመጥኩ፣ እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ።

ጠቅ።